የብርድ ልብስ መሰላል

የብርድ ልብስ መሰላል ሁለት ረጃጅም ቋሚዎችና በመካከላቸው የተሰኩ ጥቂት አግዳሚዎች ያሉት፣ ግድግዳ ተደግፎ የሚቆምና ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ አንሶላ ወይም ፎጣ የሚዘረጋበት ቀላል የእንጨት ዕቃ ነው። ቅርጹ ጣሪያ ላይ ከሚወጣበት መሰላል ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ሰው እንዲወጣበት ተብሎ አይሠራም። ጥቂት እንጨትና ጥቂት የእጅ መሣሪያ ስለሚበቃው በአናጺነት ሙያ ያልሠለጠነ ሰውም በቤቱ ሊሠራው ይችላል። የዕቃው ጥንካሬ የሚለካው በእንጨቱ ውፍረት ብቻ አይደለም። አግዳሚው ከቋሚው ጋር በሚጋጠምበት ቦታና መሰላሉ ከግድግዳው ጋር በሚታሰርበት መንገድም ጭምር ነው።

ስያሜ

መሰላል በግዕዝ ሰዋስው ይባላል። ይኸው ቃል የቋንቋ ደንብ ትምህርት መጠሪያም ሆኗል። ቀደም ባለው ዘመን ሰዋስው ተብለው የተጻፉ የብራና መጻሕፍት የግዕዝን ቃላት በአማርኛ የሚፈቱ መዝገበ ቃላት ነበሩ። በግብፅም የቅብጥ ክርስቲያኖች ያዘጋጇቸው የቅብጥና የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሱለም ተብለው ይጠሩ ነበር፤ ሱለም በዐረብኛ መሰላል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 28 ያዕቆብ በሕልሙ ያየው መሰላል የቅድስት ማርያም ምሳሌ ተደርጎ ይተረጎማል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ወደ ላይ የሚቆሙት ሁለቱ እንጨቶች ቋሚ፣ በመካከላቸው የሚጋደሙት አግዳሚ ተብለዋል። በመውጫ መሰላል ላይ አግዳሚው እግር የሚረግጠው ስለሆነ እርከን ወይም መረገጫ ይባላል።

አገልግሎት

የብርድ ልብስ መሰላል ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበትና ክረምቱ በሚረዝምበት አካባቢ ይበልጥ ይጠቅማል። ለዚህ አይከል ጥሩ ምሳሌ ናት። አይከል ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጭልጋ ከተማ ናት። በቀድሞው የሰሜን ጎንደር ዞን ውስጥ የነበረች ሲሆን አሁን በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ትተዳደራለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ማታ ማታ ጋቢና ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ደግሞ የታጠበ ልብስ ውጭ ተሰጥቶ ለመድረቅ ይቸገራል።

በደጋው አካባቢ የሚለበሱት የመኝታ ልብሶች አየር የሚፈልጉት በተለያየ መጠን ነው። ጋቢ በእጅ ከተፈተለና ከተሸመነ ጥጥ በአራት ድርብ የሚሠራ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፣ ቀስ ብሎም ይደርቃል። ቡልኮ ከጋቢ ይበልጥ ስለሚወፍር መድረቂያ ጊዜው ይረዝማል። በመንዝ አካባቢ የሚታወቀው ከበግ ጠጉር የሚሠራው ባና ከባድ ሲሆን፣ በቂ አየር ካላገኘ ብል ይበላዋል። ከፋብሪካ የሚወጣው ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ቀላልና ቶሎ የሚደርቅ ነው።

በባህላዊው ቤት ልብስ የሚሰቀለው ግድግዳ ላይ በተተከለ ኩላብ ወይም ከጥግ ጥግ በተዘረጋ ገመድ ላይ ነው። የማይሰቀለው ታጥፎ መደብ ላይ ይከመራል ወይም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። እርጥበት ያልለቀቀው ልብስ ከጭቃ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲከመር ይሻግታል፣ ሽታም ያመጣል። መሰላሉ ልብሱን ከወለሉም ከግድግዳውም ስለሚያርቀው አየር በሁለቱም በኩል ያልፋል። ሆኖም አየር ማስነካት ብቻውን ትኋንን፣ ቁንጫን ወይም ቅማልን አያጠፋም፤ ለዚያ ልብሱ በሚችለው መጠን በሙቅ ውሃ መታጠብ አለበት።

የእንጨት ምርጫ

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ቦታዎች በቀላሉ የሚገኘው እንጨት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ቀጥ ብሎ የሚያድግና ጠንካራ በመሆኑ ለአጣና፣ ለማገርና ለወራጅ ይውላል። ጉድለቱ ሲደርቅ መጣመሙና መሰንጠቁ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ወዲያው መሰላል ቢሠራበት ቋሚዎቹ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይዞራሉ፣ አግዳሚዎቹም በቀዳዳቸው ውስጥ ይላላሉ።

ከሌሎቹ እንጨቶች የሚከተሉት ይጠቀሳሉ።

የፈረንጅ ጽድ፦ ቀላል፣ ለመላግ የሚመችና ብዙ ጊዜ በሞራሌ መልክ የሚሸጥ።

ግራቪሊያ፦ በየግቢው የሚተከል፣ ለቀላል የቤት ዕቃ የሚስማማ።

የሐበሻ ጽድ፦ ምስጥን በደንብ የሚቋቋም፣ ግን በቀላሉ የሚሰነጠቅ።

ወይራ፦ እጅግ ጠንካራና ከባድ፤ ለቋሚ ባይመረጥም ቀጫጭን ቅርንጫፉ ለአግዳሚ ይሆናል።

ዋንዛ፦ ለቤት ዕቃ በጣም የሚፈለግ እንጨት። አገር በቀል ዛፍ በመሆኑና ቁጥሩ በመመናመኑ ለእንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ አዲስ ዛፍ አይቆረጥለትም፤ ከአናጺ ቤት የተረፈ ቁራጭ ካለ ግን ለአግዳሚ ጥሩ ነው።

ሽመል፦ ከአይከል በስተ ምዕራብ ወደ መተማ ሲወረድ ባለው ቆላ የሚበቅል የቀርከሃ ዓይነት። ግንዱ ከደጋው ቀርከሃ በተለየ ውስጡ ብዙም ክፍት ስላልሆነ ለአግዳሚ ይጠነክራል።

እንጨቱ ከዝናቡ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባለው ደረቅ ወቅት ቢቆረጥ ይሻላል። ቅርፊቱ ይላጣል፤ ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ በጥላ ሥር ይደረደራል፤ በእንጨቶቹ መካከል አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። ውሃ በፍጥነት የሚወጣው በጫፍ በኩል ስለሆነ፣ ጫፎቹ ቀለም ወይም ሰም ቢቀቡ መሰንጠቁ ይቀንሳል። በፀሐይ ላይ በግድ የደረቀ እንጨት ከውጭ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥብ ይሆናል። ጥቃቅን ቀዳዳና ነጭ ዱቄት የሚታይበት እንጨት ነቀዝ የገባበት ስለሆነ ወደ ቤት አይገባም።

ልኬት

ለአንድ ቤት የሚበቃ መሰላል የሚከተለው ልኬት ይኖረዋል።

ቋሚ፦ 2 እንጨት፣ እያንዳንዱ 180 ሳንቲ ሜትር (ሳ.ሜ.) ቁመት፣ 4 በ5 ሳ.ሜ. ውፍረት።

አግዳሚ፦ 5 ድቡልቡል እንጨት፣ እያንዳንዱ 54 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 3 ሳ.ሜ. ውፍረት።

በቋሚዎቹ መካከል ያለው ክፍተት፦ 45 ሳ.ሜ.።

አንድ ባለ 4 ሜትር ሞራሌ ሁለቱን ቋሚዎች አውጥቶ 40 ሳ.ሜ. ያህል ይተርፋል። አምስቱ አግዳሚዎች በድምሩ 270 ሳ.ሜ. ስለሚሆኑ አንድ ባለ 3 ሜትር ቀጭን አጣና ይበቃቸዋል። ሜትር በሌለበት 180 ሳ.ሜ. ሦስት ክንድ ተኩል ገደማ ነው። የሰው ክንድ ስለሚለያይ ግን ሁለቱም ቋሚዎች በአንድ ሰው ክንድ፣ ይልቁንም በአንድ መለኪያ ዘንግ መለካት አለባቸው። ሁለቱ እኩል መሆናቸው ትክክለኛ ቁመታቸውን ከማወቅ ይበልጣል።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

መጋዝ፣ መላጊያ፣ መሰርሰሪያ ባለ 2 ሳ.ሜ. ምላጭ፣ መሮ፣ መዶሻ፣ ሞረድ፣ ስኳድራ፣ ሜትርና እርሳስ ያስፈልጋሉ። ከዕቃ ደግሞ የእንጨት ኮላ፣ ሻካራና ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት፣ ለእግሩ የሚሆን የላስቲክ ቁራጭ፣ ለማሰሪያ ሁለት ጠንካራ ብሎን ወይም ረጅም ሚስማርና ገመድ ይዘጋጃል።

አሠራር

1. ቋሚዎቹን ማዘጋጀት። ሁለቱ ቋሚዎች በአራቱም ጎን ይላጋሉ። ጎንበስ ተብሎ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲታዩ ጠማማነት ካላቸው ይለወጣሉ። ቅርንጫፍ የነበረበት ጉጥ ቀዳዳ በሚወጣበት ቦታ ላይ እንዳይውል ይጠነቀቃል።

2. ምልክት ማድረግ። ሁለቱ ቋሚዎች ጎን ለጎን ተደርገው በገመድ ይታሰራሉ። ከግርጌ በ30፣ በ63፣ በ96፣ በ129 እና በ162 ሳ.ሜ. ላይ በስኳድራ በሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይሰመራል። በዚህ መንገድ በአግዳሚዎቹ መካከል 33 ሳ.ሜ.፣ ከላይ 18 ሳ.ሜ. ይቀራል። ተለያይተው ከተሰመሩ ትንሽ ስሕተት እንኳ አግዳሚውን ያዘነብለዋል።

3. መብሳት። ቀዳዳው የሚወጣው 5 ሳ.ሜ. ስፋት ባለው ጎን መካከል ላይ ነው። ባለ 2 ሳ.ሜ. ቀዳዳ በመካከል ሲወጣ በየጎኑ 1 ተኩል ሳ.ሜ. እንጨት ይቀራል፤ ከዚህ ከሳሳ ቋሚው በቀዳዳው ላይ ይሰበራል። መሰርሰሪያው ወደ ሌላው ጎን ሲወጣ እንጨቱን እንዳይገነጥል ከሥር ቁራጭ እንጨት ይደረጋል።

4. አግዳሚዎቹን መጥረብ። በእያንዳንዱ አግዳሚ ጫፍ 4 ተኩል ሳ.ሜ. ያህሉ በመሮና በሞረድ ወደ 2 ሳ.ሜ. ውፍረት ይቀጥናል። ይህ የቀጠነ ጫፍ ምላስ ይባል። ወፍራሙ ክፍል ከምላሱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የሚቀረው ትከሻ ቋሚዎቹ ወደ ውስጥ እንዳይጠጉ ያግዳል። ምላሱ በእጅ ተገፍቶ የማይገባ፣ በቀላል መዶሻ ግን የሚገባ መሆን አለበት። አግዳሚው ከቋሚው ይልቅ በደንብ የደረቀ ቢሆን ይመረጣል፤ ቋሚው እየደረቀ ሲሄድ ቀዳዳው ምላሱን ይጨብጠዋል።

5. ያለ ኮላ መግጠም። ኮላ ከመደረጉ በፊት ሁሉም ተገጣጥሞ ይታያል። ከላይኛው የግራ ጫፍ እስከ ታችኛው የቀኝ ጫፍ፣ ከዚያም በተቃራኒው ይለካል። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ መሰላሉ ቀጥ ያለ ነው።

6. በሽብልቅ ማጥበቅ። ተፈትቶ በምላሶቹ ጫፍ ላይ በመጋዝ 3 ሳ.ሜ. ያህል ጥልቀት ያለው ስንጥቅ ይወጣል። ኮላ ተቀብቶ እንደገና ከተገጠመ በኋላ በስንጥቁ ውስጥ ቀጭን ሽብልቅ በመዶሻ ይገባል። ስንጥቁ ከቋሚው ቁመት ጋር መስቀለኛ ሆኖ መዋል አለበት። እንዲህ ሲሆን ሽብልቁ የሚገፋው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቃጫው በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ስንጥቁ ከቃጫው ጋር ትይዩ ከሆነ ግን ሽብልቁ ቋሚውን ለሁለት ይሰነጥቀዋል። የተረፈው ጫፍ ኮላው ሲደርቅ በመጋዝ ይቆረጣል።

7. እግሩን መቁረጥ። መሰላሉ ወደ ግድግዳው ስለሚያዘነብል ግርጌው እንዳለ ቢተው በአንድ ጠርዝ ብቻ ይቆማል። ስለዚህ እግሩ ከግድግዳው 40 ሳ.ሜ. ርቆ እንዲቆም ተደርጎ፣ ቀጭን ጣውላ ወለሉ ላይ ይተኛና በጣውላው ውፍረት ልክ በእርሳስ ይሰመራል። በመስመሩ ሲቆረጥ በግድግዳው በኩል ያለው ጠርዝ ከፊተኛው 1 ሳ.ሜ. ያህል ያጥራል። የላይኛው ጫፍም ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ በዚሁ ዘዴ ይቆረጣል።

8. ማለስለስ። መጀመሪያ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። ጠርዞቹ ሁሉ ይደበዝዛሉ፤ ሹል ጠርዝ የጋቢውን ክር ይመዝዛል። በመጨረሻ ቫርኒሽ ወይም የተልባ ዘይት ይቀባል። ልብስ ከመዘርጋቱ በፊት ቅቡ ፈጽሞ መድረቅ አለበት፤ ያልደረቀ ቅብ ነጭ ልብስን ያበላሻል። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ውጭ ይደርቃል።

ሽብልቅ መሥራት የማይችል ሰው አግዳሚውን ከቋሚዎቹ ፊት ላይ በሚስማር ሊመታ ይችላል። ይህ ቀላል ነው፤ ሆኖም ክብደቱን የሚሸከመው ሚስማሩ ብቻ ስለሚሆን ከጊዜ በኋላ ይላላል። በአግዳሚው ጫፍ በኩል ወደ ቃጫው የሚመታ ሚስማርም በቂ መያዣ የለውም። በሚስማር የሚሠራ ከሆነ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ሚስማር ይመታል፤ በተለይ ባሕር ዛፍ እንዳይሰነጠቅ አስቀድሞ በቀጭኑ ይበሳል።

የመውደቅ አደጋ

ብዙ ሰው የሚፈራው መሰላሉ ከእግሩ እንዳይንሸራተት ነው። ይህ አደጋ አለ፤ ነገር ግን ይበልጥ የሚያሰጋው ወደ ፊት መውደቁ ነው። ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል።

6 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባዶ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 40 ሳ.ሜ. ርቆ ሲቆም፣ የክብደቱ ማዕከል ከእግሩ 20 ሳ.ሜ. ያህል ወደ ግድግዳው ገባ ብሎ ይውላል። ወደ ግድግዳው የሚያስተኛው አቅም 6 ሲባዛ በ20፣ ማለትም 120 ይሆናል። አንድ ሕፃን ከወለሉ በ120 ሳ.ሜ. ከፍታ ላይ ይዞ ወደ ራሱ ቢጎትት፣ ይህን አቅም ለማሸነፍ የ1 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ብቻ ይበቃዋል። ልብስ ተጭኖበት ጠቅላላ ክብደቱ 20 ኪሎ ቢደርስ እንኳ የሚያስፈልገው ኃይል ከ3 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። የተንጠለጠለ ጋቢ ጫፍን መሳብ ለሕፃን ቀላል ነው፤ ሲወድቅ ግን መላው ክብደት በላዩ ይወርዳል።

በአንጻሩ ያው 20 ኪሎ እግሩን ወደ ፊት የሚገፋው በ2 ኪሎ ተኩል ገደማ ኃይል ነው። ይህን በእግሩ ሥር የሚለጠፍ ላስቲክ በቀላሉ ይይዘዋል። ስለዚህ ላስቲኩ መንሸራተትን ይከላከላል፤ ወደ ፊት መውደቅን የሚከላከለው ግን የላይኛው ጫፍ ከግድግዳው ጋር መታሰሩ ብቻ ነው።

ማቆምና ማሰር

የማሰሪያው ዘዴ እንደ ግድግዳው ዓይነት ይለያያል።

የጭቃ ቤት፦ በአይከልና በአካባቢው ብዙ ቤቶች በእንጨት ተማግረው በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረጉ ናቸው። ጭቃው ብቻውን ሚስማር አይዝም፤ ሚስማሩ ለጊዜው የጠበቀ ቢመስልም ሲጎተት ከነጭቃው ይወጣል። ስለዚህ ግድግዳው በጣት እየተቆረቆረ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ይፈለግና ሚስማሩ ከውስጥ ባለው ቋሚ ወይም ማገር ላይ ይመታል።

የብሎኬት ቤት፦ በመሰርሰሪያ ተበስቶ ፊሸር ይገባና ብሎኑ በእሱ ውስጥ ይጠብቃል።

የድንጋይ ቤት፦ በድንጋዮቹ መካከል ባለው መጋጠሚያ ደረቅ የእንጨት ሽብልቅ በጥብቅ ይገባና ሚስማሩ በሽብልቁ ላይ ይመታል።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቋሚዎች፣ አንዱ ብቻ ሳይሆን፣ ከላይኛው አግዳሚ አጠገብ በአጭር ገመድ ወይም በሽቦ ይታሰራሉ። ገመዱ ረጅም ከሆነ መሰላሉ መውደቅ ከጀመረ በኋላ ስለሚይዝ ጥቅሙ ይቀንሳል።

መሰላሉ ከምድጃ፣ ከከሰል ማንደጃና ከቡታጋዝ ራቅ ብሎ ይቆማል። በበር መተላለፊያ ወይም የተኛ ሰው ራስጌ ላይ አይደረግም።

አጠቃቀምና አያያዝ

ከባዱ ልብስ በታችኞቹ፣ ቀላሉ በላይኞቹ አግዳሚዎች ላይ ይዘረጋል። ለማድረቅ ሲሆን አንድ አግዳሚ እየተዘለለ ቢዘረጋ አየር ይገባል። ያልተጨመቀ የጥጥ ልብስ ከደረቅ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ ጋቢና ቡልኮ ውሃቸው ውጭ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ብቻ መሰላሉ ላይ ይደረጋሉ። ውሃ የሚንጠባጠብበት እንጨት ያብጣል፤ ሲደርቅም መጋጠሚያው ይላላል።

በዓመት አንድ ጊዜ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ እያንዳንዱ አግዳሚ በእጅ ተይዞ ይዞራል። የሚዞር ካለ ኮላው ስለለቀቀ እንደገና ይሸበለቃል። የማሰሪያው ሚስማርና ገመድም በዚያው ይፈተሻል።

ከመውጫ መሰላል ጋር ያለው ልዩነት

የመውጫ መሰላል ቤት ሲከደን፣ ወደ ቆጥ ሲወጣ ወይም ቀፎ ከዛፍ ሲወርድ ያገለግላል። የሰው ክብደት በአንድ እርከን ላይ፣ ያውም በአንድ እግር ስለሚያርፍ ቋሚዎቹና እርከኖቹ ከዚህ ወፍራም መሆን አለባቸው። አቋቋሙም ደንብ አለው፤ የሚደገፍበት ቦታ 4 ሜትር ከፍ ቢል እግሩ 1 ሜትር ይርቃል፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣበት ከሆነ ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ በላይ 1 ሜትር ያህል መትረፍ አለበት። በ2 ሳ.ሜ. ምላስ የተያያዘው የብርድ ልብስ መሰላል ለዚህ አልተሠራም። ቅርጹ ስለሚያሳስት በቤቱ ያሉ ሰዎች ሁሉ፣ በተለይም ልጆች፣ እንደማይወጣበት ማወቅ አለባቸው። የመጀመሪያው አግዳሚ ዝቅ ያለ በመሆኑ ልጅን ስለሚጋብዝ፣ ሕፃናት ባሉበት ቤት የታችኛውን አግዳሚ መተው ወይም ከፍ አድርጎ መትከል ይቻላል።